የተኙት የእንቁ አበቦች

ልጆቼ፣ ጥላ ያዝ አድርጋችሁ ቁጭ በሉና ይህችን ስሙኝ። ረጅም አይደለችም።

ይኸነው ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነው። ባለፈው ዓመት፣ በወርሃ ጥር፣ መናኸሪያው በር ላይ አንዲት ልጅ ከራሷ የሚበልጥ ጆንያ ይዛ ቆማ አያት። ሊጭንላት ብድግ ቢያደርገው እንደ ላባ ቀለለው፤ ወደ ኋላው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ምንድን ነው ይሄ እህቴ?»

«የረገፈ ቅጠል።»

«ዳንግላ ቅጠል ጠፋና ነው?»

«የጫካ ይሻላል። አበቦቼ ተኝተዋል፣ ላለብሳቸው ብዬ ነው» አለችው ሳቋን እየዋጠች።

እንቁ ትባላለች። ይኸነው ደግሞ ተኝተዋል ሲባል የሚገባው ታመው መተኛት ነው። አንጀቱን በላችው። ከዚያ ወዲህ ባገኛት ቁጥር አበቦቿ ተሻላቸው ወይ ይላታል፤ እሷም ቀልድ እየመሰላት ገና ተኝተዋል ትለዋለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ተላመዱ። አበቦቹ ከእናቷ አገር፣ ከግምጃ ቤት በኩል እንደመጡ ነገረችው። የዚያ አገር ጫካ ተመንጥሮ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ሊተከልበት ሲል ከእናቷ ጋር ከዶማ አፍ አድነው፣ እዚህ ጓሮ ከዋንዛው ጥላ ሥር ተክለዋቸው ነበር። ዛሬ ያ ጫካም የለም፣ እናቷም የሉም።

መጋቢት ላይ እንጅባራ ያለችው እህቷ ወለደችና እንቁ አራስ ልትጠይቅ ሄደች። በዚያው ሳምንት ይኸነው ለአባቷ ለጋሽ አንዳርጋቸው እንጨት ሊያራግፍ ጓሮ ገባ። ከዋንዛው ሥር ደረቅ ቅጠል ብቻ! አንድም አረንጓዴ ነገር የለም። በቃ፣ ሞተዋል አለ በልቡ። መጥታ ባዶውን ከምታይ ብሎ ዶማ አነሳና ድንች ተከለላት። ከአፈሩ የወጣውን ሽንኩርት መሳይ ሥር ሁሉ የጅብ ሽንኩርት ነው ብሎ ከአጥር ውጭ ቦዩ ውስጥ ወረወረው።

ስትመለስ ከመናኸሪያ የተቀበላት ራሱ ነው። እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንቁ... አይዞሽ። አበቦችሽ አልተረፉም። ቦታው ግን ባዶ አይደለም፣ ድንች ተክዬልሻለሁ።»

«ሥራቸውስ?»

«የጅብ ሽንኩርቱን ነው? እሱንማ ጣልኩት።»

«ተኝተዋል አላልኩህም? በጋውን ከመሬት በታች ተኝተው ነው የሚያሳልፉት!»

«እኔ ታመው መስሎኝ...»

ከጋሪው ወርዳ በእግሯ ሄደች። እንባዋን እንኳ ሊያይ አልፈቀደችለትም።

ይኸነው ሁለት ቀን ቦዩ ውስጥ ሥር ሲለቅም ዋለ። ግማሹን ጃርት በልቶታል። በሦስተኛው ቀን ድንቹን ነቅሎ የተረፉትን መልሶ ይተክል ጀመር። ጋሽ አንዳርጋቸው ከበረንዳቸው ሆነው፣ አንተ ልጅ ከዚህ ጓሮ ጋር ምን አጣላህ ይሉታል። ሲመሽ እንቁ ብቅ አለች። አንዱን ሥር አውጥታ አየችው።

«በአናቱ ነው የተከልከው።»

«አናቱ የቱ ነው?»

«ሁሉንም እንዲህ ነው?»

«ሁሉንም።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ዋንዛውን ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ አጠገቡ ተንበረከከችና ጎን ለጎን ሆነው አንድ በአንድ ገለበጧቸው። ውሃ ሊያጠጣ ሲነሳ እጁን ያዘችው፤ ዝናቡ ሲመጣ ይበቃቸዋል አለችው። እጁን ግን ቶሎ አለቀቀችውም።

ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። በሳምንቱ፣ ቅጠል እንኳ ሳይቀድመው፣ ከአፈሩ ቀጥ ያለ ዘንግ ወጣ፤ ጫፉ ላይ እፍኝ የሚያህል ድብልብል ቀይ አበባ ፈነዳ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ... ጥላው ውስጥ ፍም የተበተነ መሰለ። አሥራ ሰባት ናቸው። ይኸነው አበቦቹን ትቶ እሷን ያያል።

«እንቁ፣ ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ምን ይሉኛል?»

«እሳቸው ስለ ድንቹ ነው የሚጠይቁህ፤ ጓጉተው ነበር። እኔ ግን እሺ ብያለሁ።»

በጥር ተጋቡ። ሠርገኛው ጓሮውን ሲሞላው ሙሽራው ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ከዋንዛው ሥር ቆሞ፣ በዚህ አትለፉ፣ ዞር በሉ እያለ ሰው ይመልሳል። እንግዶቹ ግራ ገብቷቸው ምን ተቀብሮበት ነው ይላሉ። እንቁ ከዳሱ ሆና ስታየው በሠርጓ ቀን አንገቷን መድፋት አቃታት፤ ጥርሷ አልከደን አለ።

እናንተም ልጆቼ፣ በበጋ ከዛፍ ጥላ ሥር ባዶ የመሰለ መሬት ስታዩ እነዚህን ሁለቱን አስታውሱልኝ። አንድ ዝናብ እስኪጥል ጠብቁት።