መኪናዋ ደህና ናት

ጠዋት ጠዋት ሥራው ያው ነው። እናት ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር ደቅና ውሃ ትሞላለች፤ ልጅቷ የመኪናዋን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ከዚያ ሁለቱም ብዙ ሳይነጋገሩ ይገባሉ። እናት እጆቿን መሪው ላይ ጭና ትንሽ ትቆያለች። ጸሎት ይሁን ድካም፣ ልጅቷ ጠይቃ አታውቅም። ቁልፉ ዞሮ መኪናዋ ስትነሳ ሁለቱም እኩል ይተነፍሳሉ።

መኪናዋ ያገለገለች ሚኒባስ ናት። አባት ካረፈ በኋላ በዱቤ ነው የተገዛችው፤ አበዳሪው ተቋም ለሻጩ ከፈለ፣ እናት ደግሞ ለአበዳሪው በየወሩ ትከፍላለች። ሥራቸው የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ ነው። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የእሷም ትምህርት ቤት በዚያው መንገድ ላይ ስለሆነ በር ትከፍታለች፣ ቀበቶ ታስራለች፣ ወንበር ሥር የተረሳ ምሳ ዕቃ ትለቅማለች። ልጆቹም ስሟን ትተው «ረዳቷ» ይሏታል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሰባቱም ልጆች ተሳፍረው ነበር። መንትዮቹ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላቸው፣ ከኋላ ይጓተታሉ። ከፊት ለፊታቸው፣ ጥያቄ ስለማያልቅበት «ጋዜጠኛው» የሚባለው የስድስት ዓመቱ ልጅ ተቀምጧል። ዳገቱን ጨርሰው ፋርማሲው ጋ ሲደርሱ የሙቀት ጠቋሚው ቀዩ ውስጥ ገባ። መኪናዋ ሁለቴ አስላ ዝም አለች።

«ይኸው፣ ስፖርት» አለ ከመንትዮቹ አንዱ፣ ቀበቶውን እየፈታ።

«ስፖርት» የሚለውን ስም ያወጣችው ረዳቷ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት መኪናዋ መንገድ ላይ ስትቆም ልጆቹ እንዳይፈሩ ብላ ነበር። በዚያውም «ስፖርቱ የእኛ ምስጢር ነው፤ ቤት አይወራም» ብላ አስምላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ትንንሾቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው የእግረኛ መንገዱ ላይ ይቆማሉ። እናት ኮፈኑን ከፍታ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቃ ውሃ ትሞላለች። ሞተሩ ከጋለ በቁልፍ ስለማይነሳ ረዳቷና መንትዮቹ ከኋላ ይገፋሉ።

«ረዳቷ» አለ ጋዜጠኛው፣ «መኪና ይታመማል?»

«ይደክመዋል።»

«ታዲያ ለምን አይተኛም?»

«ብድር አለበት» አለች እናት፣ ፊቷን ከኮፈኑ ሥር ሳታወጣ።

ሊገፉ ሲሉ የእናት ስልክ ጮኸ። እናት መሪውን ይዛ ስለነበር ስልኩን በመስኮት ለረዳቷ አቀበለቻት።

«እንደምን አደራችሁ» አለ ቀልጠፍ ያለ የወንድ ድምፅ። «ከመኪና መሸጫው ነው። መኪናችን እንዴት ናት? ተስማማቻችሁ?»

መንትዮቹ ከጎኗ «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ነበር። ረዳቷ በአንድ ትከሻዋ የኋላውን በር ደግፋ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጣብቃ፣ «ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

አስባ አይደለም። ሰው ደህንነትህን ሲጠይቅህ የሚመለሰው ይኸው ነው፤ ራስ ምታትህን ለሰላምታ አትዘረግፍም። ሰውየው «በጣም ደስ ይላል» ብሎ ዘጋ። መኪናዋም ተነሳች። ትምህርት ቤት የደረሱት ደወሉ ሳይደወል ነው፤ ረዳቷም ስልኩን ረሳችው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ መኪናዋ ጭራሽ አልነሳም አለች። መካኒኩ ሞተሩ ላይ ብዙ አጎንብሶ ከቆየ በኋላ እጁን እየጠረገ ቀና አለ።

«ይሄ የዛሬ ነገር አይደለም፣ እህቴ» አለ። «ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ ማለቴ ነው፣ ተሰንጥቆ በሙጫ ተለስኗል። ሙጫው ራሱ አርጅቷል።»

«ሥራልኛ።»

«አልነካውም። ከነካሁት አንቺ አበላሽተሻል ይሉሻል። እንዳለ ይዩት። እኔ ያየሁትን ጽፌ እሰጥሻለሁ።»

ልጆቹን ለጊዜው የማመላለሱን ሥራ ታክሲ የሚነዳው የረዳቷ አጎት ያዘው። ምክር ግን በነፃ ጨመረበት። «ክፍያውን አቁሚ» አላት እህቱን። «ያኔ እነሱ እየሮጡ ይመጣሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

እናት በማግሥቱ ረዳቷን አስከትላ ወደ መሸጫው ሄደች። ግቢው ውስጥ መኪኖቹ ታጥበው፣ ጎማቸው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ተደርድረዋል። ሻጩ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

«ዋስትናው ሦስት ወር ነው፤ አልካድንም» አለ። «ግን ስንሸጥ ለነበረ ጉድለት እንጂ ለአነዳድ አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት ደውለን ጠይቀናል። ደህና ናት ብላችሁናል። ጥሪዎቻችን ደግሞ ይቀዳሉ።»

«ማን ነው ደህና ናት ያለው?» አለች እናት።

ረዳቷ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። እናት ዞራ አየቻትና ሌላ አልጠየቀችም። ሲመለሱ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ።

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለች እናት። ቁጣ አልነበረበትም። «እኔም ባነሳው ያንኑ ነበር የምለው።»

ሻጩ እንቢ ስላለ እናት አቤት አለች። የሸማቾች አቤቱታ የሚታይበት ክፍል ጠባብ ነው። ጠረጴዛው አንድ፣ ወንበሩ አራት፤ መስኮቱ አልከፈት ብሎ በካርቶን ተደግፏል። ጉዳዩን የያዘችው ባለሙያ መነጽሯን አውልቃ የመካኒኩን ጽሑፍ አነበበች፣ መልሳ አጠለቀችና ደግማ አነበበች። ሻጩ እግሩን አጣምሮ ስልኩን እየነካካ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች እናት ዝግ ባለ ድምፅ። «የወር ክፍያዬን ባቆምስ?»

«እንዳያደርጉት» አለች ባለሙያዋ። «ክፍያ ካቋረጡ ጥፋተኛዋ እርስዎ ይሆናሉ፤ መኪናዋንም ሊወስዱብዎ ይችላሉ። እየከፈሉ ይከራከሩ። ለአበዳሪውም ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ። ገንዘቡ የእነሱም ስለሆነ የተበላሸ ዕቃ ሲሸጥ ዝም ብለው አያዩም።»

ከዚያ ሻጩ የጥሪውን ቅጂ ከስልኩ አሰማ። ረዳቷ የራሷን ድምፅ ሰማች። ደስተኛ ይመስላል። ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

«ሰላምታ የመካኒክ ምርመራ አይደለም» አለች ባለሙያዋ ለሻጩ።

«እሺ። ሙጫውንስ እኛ ለመለጠፋችን ማን ማስረጃ አለው? እነሱ ለጥፈውት ቢሆንስ?»

ባለሙያዋ ወደ እናት ዞረች። «መኪናዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትቆም እንደነበር የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል። ማን አይቷል?»

«ማንም» አለች እናት።

ባለሙያዋ ቅጂውን ደግሞ እንዲያሰማ ነገረችው። በዚህኛው ጊዜ ጭንቅላቷን ወደ ስልኩ ዘንበል አደረገች። «ከኋላ ልጆች ይሰማሉ።»

«ሲጫወቱ ነው» አለች እናት ቶሎ ብላ።

«ያወራሽው አንቺ ነሽ አይደል?» ባለሙያዋ ረዳቷን አየቻት። «ምን እየተጫወቱ ነበር?»

በጠረጴዛው ሥር የእናት እግር የረዳቷን እግር ነካ። አልረገጣትም፤ አርፎባት ብቻ ቆየ። ረዳቷ እግሩ የሚለውን ታውቃለች። ልጆቹ መንገድ ላይ መኪና ይገፉ እንደነበር ከተነገረ ወላጆቻቸው ይሰማሉ። ወላጅ ከሰማ ልጁን ይወስዳል። ልጆቹ ከተወሰዱ ደግሞ መኪናዋ ብትሠራስ ማንን ልትጭን ነው? ኳስ እየተጫወቱ ነበር ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ ያምናታል። ሻጩም ያምናታል፤ ደስ ብሎት።

«መኪና እየገፉ ነበር» አለች።

የእናት እግር ተነሳ።

«እኔም እየገፋሁ ነበር። ደህና ናት ስል ትከሻዬ በሩ ላይ ነው።»

ሻጩ እግሩን ፈታ። «ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽንም?»

«ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ደህና ነኝ ነው የምለው» አለች ረዳቷ። «እርስዎም እኮ የጠየቁኝ እንደዚያ ነው።»

ባለሙያዋ አልሳቀችም፤ ብዕሯን አነሳች እንጂ። ከልጆቹ የአንዱ ወላጅ መጥቶ፣ ልጁን ጠይቆ ያረጋገጠውን ቃል ከሰጠ እንደሚበቃ ነገረቻቸው።

ከሕንፃው ሲወጡ እናት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዘለበቱን ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች።

«ሰባት ልጅ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ለራሴ ብዬ አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ለየትኛዋ እናት፣ በምን አፌ ነው የምነግረው?»

«ያስማልኳቸው እኔ ነኝ። እኔ እነግራለሁ። አንቺ አጠገቤ ቁሚ።»

የመንትዮቹ እናት ነርስ ናት። ከሥራ መግባቷ ነበር፤ የደንብ ልብሷን ገና አላወለቀችም። ስታያቸው ፈገግ ብላ ግቡ አለቻቸው። ረዳቷ አልገባችም። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ስፖርት» የሚለውን ቃል ሳትጠቀም፣ የሆነውን እንደሆነ ተናገረች። ነርሷ በር እንደያዘች ሰማቻት።

«ስንት ጊዜ?»

«በሳምንት ሁለቴም፣ ሦስቴም።»

«መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ።»

«አዎ፣ እትዬ። ለማንም እንዳይናገሩ ያስማልኳቸው እኔ ነኝ።»

ነርሷ በረዳቷ ትከሻ አሻግራ እናትን አየች። «አንቺም ታውቂ ነበር።»

እናት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ከውስጥ አንደኛው ልጅ «ረዳቷ ናት እንዴ?» ሲል ተሰማ። ነርሷ ወጣ ብላ በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው።

«ሰውየው አታሏችኋል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ከሥራ በፊት ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ። በዚህ አልቀርባችሁም። ግን እኔም ልጆቼ ደህና ገቡ ወይ እያልኩ እጠይቅሽ ነበር። በየቀኑ። አንቺም ደህና ናቸው ትዪኝ ነበር።»

ነርሷ መልስ ሳትጠብቅ ደህና እደሩ ብላ ገባች።

መንገዱ ላይ ሲመለሱ መሸት ብሎ ነበር። የእነሱ ቤት ወደ ግራ ነው። ረዳቷ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጋዜጠኛው ቤት ታጠፈች።

እናት ቆመች። «ባለሙያዋ አንድ ሰው ይበቃል ብላናለች እኮ።»

«ለእሷ ይበቃል» አለች ረዳቷ።

እናት ግራውን መንገድ ለአፍታ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ ተከተለቻት። ያን ምሽት የቀሩትን አምስት ቤቶች አንኳኩ። አንዱ ጮኸባቸው። አንዷ ውሃ ሰጥታ አስቀመጠቻቸው። የጋዜጠኛው አባት፣ ልጁ ነገሩን ገና በመጀመሪያው ቀን እንደነገረውና ተረት መስሎት እንደሳቀ ነገራቸው።

ነርሷ በማግሥቱ ቃሏን ሰጠች፤ ሻጩም ሞተሩን በራሱ ወጪ እንዲቀይር ተወሰነበት። ብዙ ካመላለሳቸው በኋላ ቀየረ። መኪናዋ በተመለሰች ማግሥት እናት ቁልፉን አዞረች፤ መኪናዋም በአንድ ጊዜ ተነሳች። ረዳቷ በየደጃፉ እየወረደች በር ከፈተች፣ ቀበቶ አሰረች። የተሳፈሩት አምስት ልጆች ናቸው። መንትዮቹ የሉም።