ምክንያት ያልተጻፈለት አርባ ደቂቃ

ኢንስፔክተሯ የአረጋውያን መኖሪያውን ደጃፍ ስትረግጥ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። በጣቱ ወደ ኋለኛው ደረጃ አመለከታት።

እትዬ ሰዓት ከደረጃው ግርጌ ተኝተዋል። የሰባ አራት ዓመት ሴት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በባቡር ጣቢያ የጊዜ ሰሌዳ ሲያወጡ ኖረዋል፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። የመኖሪያው ሰው ቁርሱንም መድኃኒቱንም በግድግዳው ሰዓት ሳይሆን በእሳቸው አፍ ነበር የሚቆጥረው። ከተማው ዳር ወዳለው ትልቅ የመጫወቻ ፓርክ ሃያ አራት ባልንጀሮቻቸውን ይዘው የአንድ ቀን ጉዞ ለመሄድ ሁለት ወር ሙሉ ሲያቅዱ ከረሙ። ጉዞው ነገ ነበር።

ኢንስፔክተሯ በርከክ አለች። ከሁሉ አስቀድሞ ዐይኗን የሳበው አተኛኘታቸው ነው። ከደረጃ የወደቀ ሰው እንደ ወደቀ ነው የሚገኘው፤ እጁ ወዲህ፣ እግሩ ወዲያ። እሳቸው ግን በግራ ጎናቸው ተጋድመዋል። የላይኛው ጉልበታቸው ታጥፏል፤ እጃቸው ከጉንጫቸው ሥር ገብቷል፤ የሸሚዛቸው የአንገት ቁልፍ ተፈቷል። መነጽራቸው ታጥፎ አጠገባቸው ተቀምጧል። በሌላው እጃቸው የወረቀት ጥግ ጨብጠዋል፤ ምንም አልተጻፈበትም።

«ከላይ ነው የወደቁት» አለ ሐኪሙ። «የእጅ አንጓቸው ላይ ሰንበር አለ። አንድ ሰው አጥብቆ ይዟቸው ነበር።»

«ወዲያው ነው የሞቱት?»

«አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆዩ አይቀሩም። የያዛቸው ሰው እርዳታ ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ቃል በማስታወሻዋ ላይ አልጻፈችውም። ሳይጻፍም እንደማይረሳት አውቃለች።

ደረጃው የሚያወጣው እትዬ ሰዓት «ጣቢያ» ወደሚሏት ትንሽ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ስድስት ትልልቅ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ጽሕፈቱ እንደ መርፌ ቀዳዳ የደቀቀ ነው። «በሩ 3፡00 ይከፈታል፤ እኛ 2፡40 እንደርሳለን። ሕዝቡ በር አጠገብ ያለው መጫወቻ ላይ ይሰለፋል። እኛ ቀጥ ብለን መጨረሻው ድረስ ሄደን፣ እየተጫወትን ወደ በሩ እንመለሳለን።» «ምሳ 5፡30፤ ሌላው ሰው ሳይርበው።» «መጸዳጃ ቤት በየሰዓቱ፤ አፈርኩ የሚል አይኖርም።» «የጠፋ ሰው ፏፏቴው ጋ ይቁም። አይፈልገን፤ እኛ እንፈልገዋለን።» ቀጥሎም በቀይ፦ «ሻምበሉ ቁልቁል የሚወረወረው ባቡር ላይ አይወጡም። ቢለምኑም። ቢቆጡም።»

ከስድስተኛው ወረቀት ቀጥሎ አራት የማጣበቂያ ቁራጮች ብቻ ቀርተዋል። ሰባተኛው ወረቀት የለም።

ዘበኛው ከንጋት ጀምሮ ከውጭ የገባ እንደሌለ በመሐላ አረጋገጠ። በዚያ ማለዳ ከአልጋቸው ተነሥተው በግቢው ሲንቀሳቀሱ የነበሩት፣ ወጥ ቤት ከነበሩት ሌላ፣ አራት ሰዎች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ነርሷ፣ ከነዋሪዎቹ ሻምበሉ፣ እንዲሁም ሹፌሩ። ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ ቀጭን፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። «ጉዞውን አልደገፍኩም፤ አልደብቅም» አለ። «አንዱ ቢወድቅ፣ አንዱ ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከእትዬ ጋር ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር። በመጨረሻ ግን ረቱኝ፤ እሳቸውን የሚረታ የለም።»

«ከዚያ ወዲህ አልተነጋገራችሁም?»

«ትናንት ቢሮዬ መጥተው፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ፣ ለማን ነው? ስላቸው፣ ከፓርኩ ስንመለስ እነግርሃለሁ፣ እስከዚያ ለሌላ እንዳትሰጥብኝ አሉኝ።»

ነርሷ ዐይኗ በልቅሶ አብጧል። ኢንስፔክተሯ ስለ አተኛኘታቸው ስትነግራት ክው አለች።

«እኔን ጠርጥረው ነው?»

«የጠየቅኩሽ እንድታስተምሪኝ ነው። ሰው እንደዚያ የሚጋደመው መቼ ነው?»

ነርሷ አፍንጫዋን ጠረገች። «ከደረጃ የወደቀ ሰው አይነካም፤ አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። በጎን አስተኝቶ፣ አንገት ላይ ያለውን ልብስ ማላላት፣ መነጽር ማውለቅ የሚጥል በሽታ ለተነሣበት ሰው ነው። እትዬ ደግሞ ያ በሽታ አልነበረባቸውም። እኔ ብሆን ሳልነካቸው ሐኪም እጠራ ነበር።»

ሻምበሉ ሰማንያ ሞልቷቸዋል። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀመጡ።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለቻቸው።

«ከወር በፊት። ልቤ ደካማ ነው ብላ ባቡሩን ከለከለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ለማን ልቆጥበው ነው? አልኳት። ማታ ማታ ለመታረቅ በሯ ድረስ እሄድና እመለስ ነበር። አሁን ማንን ልታረቅ ነው፣ ልጄ?»

ሹፌሩ አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። የመኖሪያውን አውቶቡስ ለዐሥራ አንድ ዓመት ነድቷል።

«ከዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መኪና ሳጥብ ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ባለፈው ሳምንት ከእትዬ ሰዓት ጋር መንገዱን ለመለካት ፓርኩ ድረስ ሄዳችኋል። እንዴት ነበር?»

«ደኅና ነበር። ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ትንሽ ዘገየን።»

ኢንስፔክተሯ አመስግና አሰናበተችው። ከዚያ የእትዬ ሰዓት የክፍል ጓደኛ ወደሆኑት ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደች። የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለጉዞው ብቻ በተሽከርካሪ ወንበር ሊወጡ ነበር። ዐይናቸው ደክሟል፤ እጃቸው ግን አሁንም ሥራውን አልረሳም። ብርድ ልብሱ ላይ ባለ አምስት ቀለም ሻርፖች በየፈርጁ ተደርድረዋል።

«ሰው እንዳይጠፋፋ ነው» አሉ እየዳሰሱ። «ሃያ አምስት ለእኛ፣ አምስት ለአጃቢዎቹ፤ ሠላሳ ቆርጬ ጨርሼ ነበር። ትናንት ከሰዓት መጣችና አንድ ሰማያዊ ጨምሪልኝ አለችኝ። ሰማያዊ የእሷና የእኔ ቡድን ነው።»

«ለማን እንደሆነ ነገሩዎት?»

«የሚጨመረውን ሰው ታውቂዋለሽ አለችኝ። ከዚያ የቡድናችንን ዕቅድ አነበበችልኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ሌላው ሲሯሯጥ፣ ሰው ወደ ሰማይ የሚያወጣው ትልቁ ጎማ ላይ ከዚያ ሰው ጋር ትቀመጣለች። ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፣ አያስፈራውም አለች።»

ኢንስፔክተሯ የወጥ ቤቱን ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። ስንት ምሳ እንዲያሽግ ታዞ እንደነበር። «ሠላሳ አንድ» አላት፤ «ሠላሳውና ሹፌሩ። እትዬ ትናንት ማታም መጥተው ያው ሠላሳ አንድ ነው ብለው አረጋግጠውልኛል።»

ከዚያ የእትዬ ሰዓትን የኪስ ደብተር ይዛ «ጣቢያ» ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ባለፈው ሳምንት መንገዱን የለኩበት ጉዞ ገጽ ደቂቃ በደቂቃ ተሞልቷል። «ድልድዩ ጋ የጭነት መኪና፣ 4 ደቂቃ።» «ነዳጅ፣ 7 ደቂቃ።» «እኔ ቦርሳዬን ረስቼ፣ 3 ደቂቃ፣ ጥፋቱ የእኔ።» በመልሱ መንገድ ላይ ግን፦ «ቆምን፤ 40 ደቂቃ።» ከጎኑ ምንም የለም። ኢንስፔክተሯ ገጹን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። ከዚያ ተነሥታ፣ በደብተሩ ጀርባ ቁጥሩ ከተጻፈ መኪናና ሹፌር አከራይ ድርጅት ጋር በስልክ ተነጋገረች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም በመመገቢያ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ልብስ ሰፊዋንም በተሽከርካሪ ወንበር አመጧቸው። ምሳ የነካ ሰው አልነበረም።

«እትዬ ሰዓትን የማውቃቸው ከዛሬ ጠዋት ወዲህ በጽሕፈታቸው ብቻ ነው» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «ብሳሳት እናንተ አርሙኝ። መጀመሪያ አተኛኘታቸው። የገፋቸው ሰው ጥሏቸው አልሸሸም። ወርዶ በጎን አስተኛቸው፣ አንገታቸውን አላላ፣ መነጽራቸውን አጠፈ። የሚወዳቸው ሰው ነው ማለት ነው። ግን የሰጠው እርዳታ ለወደቀ ሰው የሚሰጥ አይደለም። ነርስ ብትሆን እንዲህ አታደርግም። ይህን ያደረገው ሌላ ዓይነት እርዳታ የማያውቅ ሰው ነው፤ በራሱ ላይ ሲደረግ የኖረውን ነው ያደረገላቸው።»

ነርሷ ቀና አለች። ሌላው ገና አልገባውም።

«ሁለተኛ፣ ሻርፕ። ትናንት አንድ ሻርፕ ተጨመረ። ፓርኩ የሚገባ አዲስ ሰው መጣ ማለት ነው። አዲስ ሰው ከመጣ ግን ምሳም መጨመር ነበረበት፤ እትዬ ሰዓት ሰው ጨምረው ምሳ አይረሱም። ስለዚህ ሰውየው አዲስ አይደለም። ምሳ አስቀድሞ የተመደበለት፣ ሻርፕ ግን ያልነበረው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዝርዝሩ ላይ አንድ ብቻ ነው። ቀኑን መኪና ማቆሚያው ውስጥ የሚያሳልፈው ሹፌሩ።»

ሁሉም ወደ ሹፌሩ ዞሩ። እሱ ጠረጴዛው ላይ ያሉ እጆቹን ያያል።

«ሹፌሩ እንግዳ ሆኖ ከገባ ማን ይነዳል? አከራዩን ጠየቅኩ። እትዬ ሰዓት ለነገ ብቻ ሌላ ሹፌር ይዘዋል፤ ምሳውን ራሱ ይዞ ይመጣል። መልሱ የመጣላቸው ትናንት ቀን ነው፤ ሻርፑንም የጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የጠፋው ሰባተኛው ወረቀት የአውቶቡሱ ነበር።» ደብተሩን ገልጣ ወደ ሹፌሩ ዞረች። «እትዬ ለምን ቀየሩዎት? ባለፈው ሳምንት መንገድ ዳር አርባ ደቂቃ ቆማችኋል። መጨናነቅ ነው አሉኝ። መጨናነቅ ቢሆን እትዬ ይጽፉት ነበር፤ የገዛ ጥፋታቸውን እንኳ ጽፈዋል። ዝም ያሉት የእርስዎን ገመና ላለማውጣት ነው። መሪ እንደያዙ በሽታው ሊጥልዎት ሲል ዳር ይዘው ቆሙ፤ እሳቸውም ነቅተው እስኪበረቱ አጠገብዎት ተቀመጡ። ተሳስቻለሁ?»

ሹፌሩ እጆቹን ከጠረጴዛው አወረደ።

«በጎን አስተኝተውኝ ነበር» አለ። «ስነቃ ውሃ ሰጡኝ። ለማንም አልናገርም አሉኝ። ዛሬ ጠዋት አስጠሩኝ። ነገ አትነዳም፣ ልጄ፣ ከነገ በኋላም መንዳት የለብህም አሉኝ። ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅለው ሰጡኝ። ስሜ ተሠርዟል። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም፤ መንጃ ፈቃዴና ልጆቼ ብቻ ናቸው የታዩኝ። ወረቀቱን ይዤ ልወርድ ስል ደረጃው አናት ላይ ያዙት፤ ቆይ ጨርሼ ልንገርህ አሉ። የእጅ አንጓቸውን ይዤ አስለቀቅኳቸው፤ ሚዛናቸውን ስተው ወደቁ።»

ሻምበሉ ከዘራቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት።

«እኔን ሲጥለኝ እንደዚያ ነው የሚያስተኙኝ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ እነቃለሁ። ይነቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሲተነፍሱ ነበር። እግር ኮቴ ሰማሁና ሄድኩ። ሰው ያገኛቸዋል ብዬ ነበር፤ ኮቴው ግን ወዲህ ሳይመጣ ተመለሰ። ያን ያወቅኩት በኋላ ሲያገኟቸው የተጮኸውን ስሰማ ነው።»

«ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብበውታል?»

«አላነበብኩትም። ቀድጄ ጣልኩት።»

ኢንስፔክተሯ ሥራ አስኪያጁን አየችው። እሱም ነገሩ ገብቶት አቀረቀረ። «የግምጃ ቤቱን ሥራ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ትናንት የለመኑኝ ለአንተ ነበር። ለሌላ እንዳትሰጥብኝ አሉኝ።»

ልብስ ሰፊዋም ወደ ድምፁ አቅጣጫ ፊታቸውን አዞሩ። «ትልቁ ጎማ ላይ ከአንተ ጋር ልትቀመጥ ነበር፣ የኔ ልጅ። ዐሥራ አንድ ዓመት በየሄድንበት ስታደርሰን አንተ አንድ ቀን እንኳ ገብተህ አልተጫወትክም።»

ሹፌሩ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ቆይቶ፣ ከዚያው ሳይነሣ፣ ኢንስፔክተሯን ጠየቃት። «ሰው ብጠራ ይተርፉ ነበር?»

በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቀርቦላታል፤ ሁልጊዜ ሐኪሙ ያውቃል ብላ ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን ላለመዋሸት ፈለገች። «አዎ» አለችው። «ይተርፉ ነበር።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አልሸኘውም። ነርሷ ብቻ መድኃኒቱን ከእሱ ጋር እንዲይዙለት ነገረቻቸው።

ኢንስፔክተሯ ልትሄድ ስትል ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን ዘርግተው እጅጌዋን ያዙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ደረጃው ሥር ብቻዋን ነበረች?»

ኢንስፔክተሯ ከተሽከርካሪ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከች። «እሱ እስኪሄድ ድረስ አልነበሩም፣ እማማ። አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።»

ከአሮጊቷ ፊት ላይ መጽናናትና ንዴት ተራ በተራ አለፉ። ከዚያ የኢንስፔክተሯን እጅ ሳይለቁ ማልቀስ ጀመሩ። ኢንስፔክተሯም ሥራዋን ብትጨርስም አልተነሣችም፤ ጉልበቷ እስኪደነዝዝ እዚያው ቆየች።