የሙናዬ ስንዝር

«ይኼኛው አይገጥምም» አለች አሲያ፣ ሰሌኑ ላይ እንደተንበረከከች። «ይኼም አይገጥምም። ኧረ ይኼም!»

መዲና ጎንበስ ብላ አየች። አባቷ ኢሳቅ ልብስ በሚሰፋበት በረንዳ ላይ ሰሌን አንጥፈው፣ ሦስቱ ጓደኛሞች የሰፏቸውን አሥራ ሁለት ካሬዎች ደርድረዋል። እያንዳንዱ ካሬ ከአራት ብጣሽ ጨርቅ የተጋጠመ ነው። ለየብቻ ሲታዩ ዓይን ይስቡ ነበር። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ጉዳቸው ወጣ። የአሲያ አራቱ ከመዲና አራቱ በአንድ ጣት ይበልጣሉ፤ የሙናዬ አራቱ ደግሞ በሁለት ጣት ያንሳሉ።

ልፋቱ ሁሉ ለእጅ ሥራ መምህርታቸው ለመምህርት ደብረወርቅ ነው። መምህርት ደብረወርቅ ከአዲስ አበባ ተመድበው ወረታ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሊወልዱ ሰኞ ወደ እናታቸው ቤት ይሄዳሉ። «ለሕፃኑ የብርድ ልብስ ልባስ እንስፋላቸው» ያለችው መዲና ነች። ሙሉ ጨርቅ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ ከቁርጥራጭ ሊሠሩት ተስማሙ። ይህን የሰሙ የሰባተኛ ክፍል ወንዶች «መምህርቷን ድሪቶ ሊያለብሷቸው ነው!» ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቁባቸው። ስለዚህ ልባሱ ማማር ነበረበት። ሰኞ ጠዋት ደግሞ መድረስ ነበረበት፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ጨርቁን ከየቦታው ነው የለቃቀሙት። ካኪውና አበባማው ከኢሳቅ የትራፊ ሳጥን ወጣ። አሲያ ከአባቷ ሱቅ አይጥ ጫፉን የበላው ፖፕሊን አመጣች። ሙናዬ ያመጣችው የታላቅ ወንድሟን የአያልነህን ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። አያልነህ ወታደር ሆኖ ሰሜን ነው ያለው። እናቷ «ሲመጣ እንግዲህ አይበቃውም፤ ለሕፃን ይሁን» ብለው በገዛ እጃቸው ሰጧት።

«የኔስ ይቆረጣል» አለች አሲያ። «ያነሰውን ግን ምን እናድርገው? ሙናዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው? አንድ አንድ ስንዝር ተብሎ አልነበረም እንዴ?»

«በስንዝር ነው የለካሁት» አለች ሙናዬ። ድምፅዋ እንደ ቁመቷ ትንሽ ነው።

መዲና ተናደደች። ለልብስ ሰፊ ልጅ ያልገጠመ ስፌት ማየት ያማል። «ስንዝር ተባለ እንጂ የጩጬ ስንዝር መች ተባለ?» አለች። አሲያ ሳቀች። «በቃ፣ ያንቺን አራቱን እንተዋቸው። እኔ ዛሬውኑ ሌላ አራት እሰፋለሁ።»

ሙናዬ አራቱን ካሬዎቿን አንድ በአንድ አንስታ አጣጠፈቻቸውና ደብተሯ ውስጥ ከተተቻቸው። «እናቴ ትጠብቀኛለች» ብላ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። አሲያም ጥቂት ቆይታ ወደ አባቷ ሱቅ ተመለሰች።

መዲና ሳጥኑን ጎልጉላ መቁረጥ ጀመረች። ከትራፊው የቀረው ካኪ ብቻ ነው። አባቷ ሰሞኑን ለአብዮት ጥበቃዎቹ ልብስ ሲሰፋ ስለከረመ ሳጥኑ በካኪ ተሞልቷል። አንዱን ካሬ ጨርሳ ከሌሎቹ መሐል አስቀመጠችው። ሕፃን ሊለብሰው ቀርቶ ዘብ ሊቆም የተዘጋጀ ይመስል ነበር። የሙናዬ ሰማያዊ ሲጎድል ይህን ያህል ይጎዳል ብላ አላሰበችም።

ኢሳቅ የስፌት መኪናውን መርገጡን ሳያቆም ጠየቃት። «ምን ሆነው ነው ጓደኞችሽ የተበተኑት?»

«ሙናዬ ሰፍታ ያመጣችው አነሰ።»

«በምን ለክታው?»

«በስንዝር። ሁላችንም በስንዝር ነው የለካን።»

«በማን ስንዝር?»

ኢሳቅ መኪናውን አቆመና እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ስሰፋ በስንዝር ለክቼ አላውቅም! ሜትር የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

«ሜትሩን እኛ በለካን ቀን ቀበሌ ወስደኸው ነበር። ጥበቃዎቹን ልትለካ።»

«እሱስ እውነት ነው። ታዲያ በስንዝር ያለው ማነው?»

«እኔ» አለች መዲና። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ከጠዋት ጀምሮ «በስንዝር ያልኩት እኔ ነኝ» አለማለቷ አሁን ታወቃት። አሲያ ረስታው ነው የሳቀችው። ሙናዬ ግን አልረሳችውም፤ ታውቃለች፣ እያወቀች ነው ዝም ብላ የሄደችው። መዲና አፈረች።

ኢሳቅ ወደ ሥራው ተመለሰ። እጁ ላይ ያለው የአንዲት ልጅ ቀሚስ ነው። ልጅቱ አድጋ ቀሚሱ ስላጠራት ከታች ሌላ ቀለም ያለው ጨርቅ እየቀጠለላት ነበር። መዲና የሚቀጠለውን ጨርቅ እስከ ጫፉ ድረስ አየችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች።

ስትወጣ አክስቷ ቱርኪያ ከጎንደር የላከችላትን አረንጓዴ ሳቲን በብብቷ ይዛለች። ለዒድ ሻሽ ሊሆናት የተቀመጠ ነው። ሜትሩን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ መቀስና ጠመኔ ያዘች። አባቷ ሳቲኑንም እሷንም አይቶ «ክር እንዳትረሺ» አላት።

በአሲያ አባት ሱቅ በኩል አለፈች። «ነይ፣ ሙናዬ ቤት እንሂድ።»

«ለምን?»

«የምናገረው አለኝ። አንቺም ስሚው።»

ከከተማው ወጥተው በሜዳው መሐል ግማሽ ሰዓት ተጓዙ። ሽንብራው ታጭዷል፣ ከብቶቹ ቃርሚያው ላይ ተበትነዋል፣ ነፋሱ ደስ ይላል። ሙናዬ ከእናቷ ከእማማ አማከለች ጋር ደጃፍ ተቀምጣ ሽንብራ ትለቅማለች።

«እንደምን ዋሉ እማማ» አሉ ሁለቱም።

«እግዜር ይመስገን። ምነው ልጆቼ፣ በደኅናችሁ ነው?»

«ደኅና ነን። ሙናዬን ፈልገን ነው።» መዲና ቁጭ ሳትል ተናገረች፤ ከተቀመጠች የሚቀራት መሰላት። «ሙናዬ፣ በስንዝር ያልኩት እኔ ነኝ። የማን ስንዝር እንደሆነ አልነገርኳችሁም። ስህተቱ ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው።»

ሙናዬ ከሽንብራው ጠጠር አውጥታ ወረወረች። «እኔስ የማን ነው ብዬ መች ጠየቅኩሽ?» አለችና ፈገግ አለች።

«የኔን እጅ እናቴ አካፋ ነው ትለዋለች» አለች አሲያ። «እኔም ስቄብሻለሁ። ይቅርታ።»

እማማ አማከለች ምንም ሳይገባቸው ሦስቱንም አዩና ሰፌዱን ይዘው ገቡ። ሙናዬ ካሬዎቿን አመጣች። መዲና ሳቲኑን ዘረጋች።

«ይኼ ለዒድ ያስቀመጥሽው አይደለም እንዴ?» አለች ሙናዬ።

«አሮጌ ሻሽ አለኝ። ሰማያዊው ዙሪያውን አረንጓዴ ጠርዝ ይሁንለት።»

«በሦስት ሰው እጅ፣ በስንት ዓይነት ቀለም!» አለች አሲያ። «ወንዶቹ ድሪቶ ማለታቸው አይቀርም።»

«ይበሉዋ።»

ሙናዬ የመዲናን አንገት አየች። «ሜትር ይዘሽ መጥተሽ የለ? ለኪያ።»

መዲና ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። ሳቲኑ ላይ እጇን ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ዘረጋች። «እጅሽን አምጪ፤ እላዩ ላይ» አለች። ሙናዬ ትንሿን እጇን ዘርግታ ደረበችው። መዲና በሁለቱ ስንዝር መሐል የቀረችውን ቦታ በጠመኔ አሰመረች፣ ለሁለቱ ጎን እኩል ከፈለቻት፣ ስፌት የሚበላውን ጨመረችበት፣ መቀሱንም አነሳች።