የእትዬ መንበረ እጅ የቆመበት ቦታ

ወይዘሮ መንበረ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናቸውም፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ባለው ማገገሚያ ውስጥ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሕመምተኛ ያሻሉ። ይህ እዚያ ማንንም አይገርምም። ሕመምተኞቹ ከጣሪያው የሚወርዱትን ሁለት ለስላሳ እጆች «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» ይሏቸዋል፤ አንዳንዶቹ ድነው ሲወጡ ይስሟቸዋል። እጆቹ መልስ አይሰጡም። ሞቀው ይወርዳሉ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ወደ ጣሪያቸው ይመለሳሉ።

የእጆቹ ቴክኒሻን ሶስና ግን ሰላም ብላቸው አታውቅም። የእናቷ እጆች ናቸው። ሰላም ካለቻቸው ማልቀሷ አይቀርም፤ እያለቀሱ ደግሞ አሥራ ሁለት ማሽን መጠገን አይቻልም።

ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ያብጣል። ከቆዳ ሥር ቀስ እያለ የሚሄደው ሊምፍ የሚባል ውሃ መሳይ ፈሳሽ መንገዱ ሲቋረጥበት ባለበት ይጠራቀማል። መንበረ በዘመናቸው ይህን ፈሳሽ በእጅ በመንዳት የሚስተካከላቸው አልነበረም። አባታቸው ወጌሻ ነበሩ፤ የመንበረ እጅ ግን እንደ ወጌሻ አይጫንም። «ሥጋውን ተይው፣ ቆዳውን ብቻ አባብይው» ይሉ ነበር። መጀመሪያ አንገት ሥር ፈሳሹ የሚገባበትን በር ይከፍታሉ፣ ከዚያ ወደ ብብት ይወርዳሉ፣ ክንዱን የሚነኩት በመጨረሻ ነው። ኋላ «እጀ ትውስታ» የሚባል ጓንት ተሠራ፤ የሚያሸውን ሰው እጅ ክብደት፣ ሙቀትና ፍጥነት መዝግቦ ለማሽን እጆች የሚያስተምር። ሠሪዎቹ መለማመጃ የላስቲክ ሰው አመጡላቸው። «ሰው ያልሆነ ነገር አላሽም» አሉና ታናሽ ልጃቸውን ኬብሮንን አስተኟት። ኬብሮን ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ አንድ ጡቷ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ክንዷ አብጦባት ነበር። ሶስና አጠገባቸው ተቀምጣ የጓንቱን ገመድ ይዛለች።

ኬብሮን በዓመቱ ሞተች። እናትየዋ ከእሷ በኋላ ስድስት ወር እንኳ አልቆዩም።

ሰኞ ማሽኖቹ ላይ አዲስ ማሻሻያ ተጫነ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሰባተኛው አልጋ እጆች ማሸቱ መሀል ላይ መቆም ጀመሩ። አልጋው የወይዘሮ ይመኙሻል ነው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው፣ ዛሬ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

«ልጄ፣ እትዬ ዛሬም ቆሙ» አሉ ሶስና ስትገባ።

«የቱ ጋ ነው፣ እማማ?»

«ከብብቴ ዝቅ ብሎ። ቆሙ፣ ቆሙና፣ ግንባሬን ዳበስ አርገውኝ ቀጠሉ።»

ሶስና ደነገጠች። ግንባር መዳበስ ከትምህርቱ ውስጥ የለም።

ዶክተር ኢዮስያስ፣ የማገገሚያው ኃላፊ፣ ነገሩን አቀለሉት። «አርባ ሰከንድ ሥራ የፈታ እጅ ነው። እናትሽ ሲቀረፁ ደክሟቸው ይሆናል። ድሮ ቆርጠን ጥለነው ነበር፣ ማሻሻያው መልሶ አመጣው። እስከ ስድስት ሰዓት አጥፊው በቃ።»

እንድታጠፋው የታዘዘችውን አርባ ሰከንድ ሶስና መጀመሪያ ማየት ፈለገች። የጥንቱን ቅጂ ከፈተች። የእናቷ እጅ ከኬብሮን ብብት ሥር ደርሶ ቆመ። ያን ቀን «ምነው እማዬ?» ብላ መጠየቋ ትዝ አላት፤ «ምንም፣ እጄ ዝሎ ነው» ነበር መልሱ። ጓንቱ የመዘገበው ግን ሌላ ነው። መሀል ጣት አንዲት ምስር የምታክል ጠጣር ነገር ሦስት ጊዜ ዞሯታል። ከዚያ እጁ ተነስቶ ግንባር ዳበሰ።

ሐኪሞቹ ያቺን ነገር ያገኟት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ ሳንባ ገብታ ነበር።

«አራት ወር!» አለች ሶስና ጮክ ብላ፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። እናቷን በሕይወት ዘመኗ እንደዚህ ጠልታቸው አታውቅም።

ከዚያ የአራቱን ቀን መዝገብ ሁሉ አየች። እጆቹ የቆሙት ሰባተኛ አልጋ ላይ ብቻ ነው፣ አራቱንም ቀን አንድ ቦታ። ማሽኑ አልተበላሸም። እናቷ ያገኙትን ዓይነት ነገር ሲያገኝ እሳቸው ያደረጉትን ያደርጋል፤ ዞሮ ያረጋግጣል፣ ግንባር ይዳብሳል፣ ዝም ይላል። ማሸቱን ሲማር መደበቁንም አብሮ ተምሯል።

መዝገቡን ስታሳያቸው ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለወይዘሮ ይመኙሻል ታላቅ ልጅ ደውይለት» አሉ። የሕመምተኛዋ ፋይል የመጀመሪያ ገጽ ላይ የቤተሰቡ ቃል አለ፤ «ክፉ ነገር ቢገኝ ለእናታችን እንዳይነገር።» እዚህ የሚመጣ ቤተሰብ ሁሉ ይህንኑ ይፈርማል። ሶስናም ለኬብሮን ፈርማ ነበር።

ልጁ ስልኩን አንስቶ ሰማት። «አደራሽን እህቴ፣ አሁን እንዳትነግሯት» አለ። «ፋሲካ ይለፍና እኛው ቀስ ብለን እናመጣታለን። በዓሉን ደስ ብሏት ትዋል።»

ለፋሲካ አምስት ሳምንት ቀርቷል።

ሶስና ስልኩን ዘግታ ሰባተኛው አልጋ ጋ ሄደች። ወይዘሮ ይመኙሻል ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ከሥራ እንደምትባረር እያወቀች አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ እትዬ የሚቆሙበት ቦታ አንድ ነገር አለ። ዛሬውኑ መታየት አለበት።»

ሴትየዋ አልጮኹም። ሐይቁን በመስኮት ትንሽ አዩት።

«ልጆቼ ሰምተዋል?»

«ታላቁ ሰምቷል።»

«ውይ፣ አቤልዬ!» አሉና ያን ጊዜ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔማ አውቃለሁ ልጄ። ገላዬን ስታጠብ በጣቴ ካገኘሁት ሦስት ሳምንቴ ነው። ልጆቼ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው እንጂ። ፋሲካ ይለፍ ብዬ ነበር።»

ሶስና ሻንጣቸውን ወደ ጎን ገፋች።

«እትዬ ወደዚያ ሲወርዱ እኮ ልቤ ድው ድው ይላል» አሉ ሴትየዋ። «እንዳያገኙብኝ ትንፋሼን ውጬ ነው የምተኛው።»

ሶስና ክንዳቸውን ይዛ ወደ ምርመራ ክፍል ወሰደቻቸው። በር ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ይመኙሻል ስልክ ለመኑ፤ ለልጆቻቸው ራሳቸው ሊነግሩ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሶስና ወደ ሥራ ክፍሏ ተመለሰች። አርባውን ሰከንድ አላጠፋችውም። እጆቹ ሲቆሙ አልጋው ላይ ላለው ሰው በድምፅ እንዲናገሩ አድርጋ አስተካከለችው፤ ዶክተሩ የፈለጉትን ይበሉ። ከዚያ የጥንቱን ቅጂ እንደገና ከፈተችው። ጓንቱ የሚታሸውን ሰው የልብ ምትና ትንፋሽም ይመዘግብ ነበር፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያንን መስመር ማንም ከፍቶት አያውቅም።

የእናቷ እጅ ገና ትከሻ ላይ ነው። የኬብሮን ልብ መሮጥ ጀመረ። እጁ ወደ ብብቷ ሲወርድ ትንፋሿ ቆመ። እጁም ቆመ። አርባ ሰከንድ ሙሉ እናትና ልጅ እርስ በርስ ተደባብቀው፣ ሶስና አንድ ክንድ ርቃ ገመድ ይዛ ተቀምጣለች። ከሦስቱ ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ እጁ ተነስቶ ግንባሯን ሲዳብሳት የኬብሮን ልብ ቀስ እያለ ረገበ፤ ትንፋሿም ተመለሰ።

«እናቴ አላገኘችውም» ብላ ነበር ኬብሮን።