በድብቅ የተበላ ጎደሬ

ሎሳና ኢሶአን የተዋወቀችው በሲንጋቶካ ከተማ ገበያ በሚሸጠው ጎደሬ ላይ ስታሾፍ ነው።

«ይሄን የሚበላ ሰው ዛሬም አለ?»

«እውነተኛ ምግብ እኮ እሱ ነው፤ ዓሣው ማባያ ነው» አላት ኢሶአ። ቀና ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን ቶሎ አልሰበረችም።

ሎሳና መክሳት የሚፈልጉ የሰፈሯን ሴቶች እየሰበሰበች «ጎደሬ፣ ካሳቫ፣ ዳቦ በቃ!» ትላቸው ነበር። ትምህርቱን ያገኘችው ከስልኳ ነው። ድሮም ቀጭን ስለነበረች ሁሉም አመናት።

ፍቅራቸው ሲጠና ኢሶአ «ላግባሽ» አላት። እሷ ሆዱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና «መጀመሪያ ይሄ ይጥፋልኝ» ብላ ሳቀች።

«ስኳር አለብኝ እኮ፤ መርፌ እወጋለሁ።»

«እንግዲያማ መድኃኒትህ ይሄው ነው!»

እሷ ስትቀልድ እሱ የምር ያዘው። ብዙም ሳይቆይ ራሱ በተከለው የጎደሬ ማሳ ውስጥ ወድቆ ተገኘ።

ሎሳና ሆስፒታል ስትደርስ ነርሷ ትቆጣለች። «መርፌውን እንደ ድሮው እየወጋ ጎደሬውን ሲያቆም ስኳሩ ወረደ። ሁሉም ከስልክ አይቶ ይጀምራል፤ ሐኪም የሚጠይቅ የለም! ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አናተርፈውም ነበር።»

የኢሶአ እናት ኡናይሲ አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ኢሶአ ሲነቃ እጁን ያዘች።

«ይቅር በለኝ። ልገድልህ ነበር።»

«ኧረ ተይ! የራሴ ሞኝነት ነው።»

«አይደለም፣ ስማኝ። እኔ ጎደሬ አንድም ቀን አልተውኩም። ሴቶቹን ሸኝቼ ስመለስ የተቀቀለ እየገዛሁ አውቶቡስ ውስጥ ተደብቄ እበላ ነበር። አንተ የተራብከው በእኔ ውሸት ነው።»

ኢሶአ እጁን አስለቅቆ ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። ሎሳና «በቃ ጠላኝ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

«ከማን ነበር የምትገዢው?» አላት።

«ከእናትህ።»

ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ! ታውቂ ነበር?»

«ደንበኛዬ ናት፣ ምን ልበል?» አሉ ኡናይሲ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «አንተም እንደሷ ተደብቀህ የምትበላ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ!»

ኢሶአ ሳቁ አመለጠው። ኡናይሲ ዓይናቸውን ጠርገው በሙዝ ቅጠል የጠቀለሉትን ትኩስ ጎደሬ ፈቱ።

ሎሳና አንገቷን እንደደፋች «አሁንም ታገባኛለህ?» አለችው።

ኢሶአ አንዱን ቆርሶ ዘረጋላት። «መጀመሪያ ሰው ፊት ብይ።»

ነርሷም እናቱም እያዩዋት፣ እያለቀሰች በላች። ሁለተኛውን ሲቆርስላት ግን እጁን ያዘችው።

«ይሄን አስቀምጥልኝ» አለች። «ሴቶቹ ፊት ነው የምበላው።»