ንቢት ያዞረችው ቀስት

ንቢት የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ከወንዙ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ የእግር ተጓዦች መንገድ ከሚጀምርበት ቦታ ነው። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ስለማይሆንላት ግን አባቷ «ንቢት» አላት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አባቷ መንገድ ጠባቂ ነው። የወደቀ ግንድ ያነሣል፤ ለመንገድ ምልክት ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል፤ መንታ መንገድ ላይ አቅጣጫ የሚጠቁም የእንጨት ቀስት ይተክላል። እናቷ ደግሞ ለተጓዦች ክፍል ታከራያለች። ከበራቸው ፊት ጭቃ የለበሰ ጫማ ጠፍቶ አያውቅም።

ከቤታቸው ዝቅ ብሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ወደ ፏፏቴው ይወስዳል። የግራው አሮጌው መንገድ ነው። ጎርፍ ጠርዙን ስለበላው አባቷ በእሾህ ቅርንጫፍ ዘግቶታል።

«ንቢት» ብሏት ነበር ቀስቱን ሲተክል፣ «በዚህ እንጨት እንዳትጫወቺ። መንገዱን የማያውቅ ሰው የሚያምነው ይህንን ነው።»

«እሺ አባዬ!»

እሺ ማለት ይቀላል፤ አይደለም ልጆች?

በቀኙ መንገድ ዳር የዱር እንጆሪ ይበቅላል። ሲበስል ጥቁር ነው፤ ከአፍ ሲገባ ይቀልጣል። ንቢት የራሷ አድርጋ ትቆጥረዋለች። ተጓዦች ግን ሲያልፉ ይለቅሙታል። እነሱ ሲለቅሙ የእሷ ሆድ ይቃጠላል።

አንድ ቀን ጠዋት ቅርጫቷን ይዛ ወረደች። እንጆሪው ደርሷል። «ዛሬ ማንም አይቀድመኝም» አለች። ከዚያ ቀስቱን አየችው። ዙሪያዋን አየች። ሰው የለም።

«ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው» አለች ለራሷ።

ቀስቱን ይዛ ወደ ግራ አዞረችው። የእሾሁን ቅርንጫፍ ጎትታ ከቁጥቋጦ ኋላ ደበቀችው። እሾሁ ጣቷን ወጋት። ደሙን መጠጠችና ወደ እንጆሪዋ ሮጠች። ከንፈሯ እስኪጠቁር በላች። ማንም አልመጣባትም። ስትጠግብ ተመለሰች፤ ቀስቱን ወደ ቦታው አዞረች፤ እሾሁንም መለሰች። ምንም ያልተነካ ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በላይኛው ተራራ ዝናብ ወረደ። የወንዙ ውኃ ቡናማ ሆነ፤ ድምፁም ተለወጠ። ቀድሞ የሚያንጎራጉር ነበር፤ አሁን ያጓራ ጀመር።

«ነርሷ እኮ እስካሁን አልተመለሰችም» አለች እናቷ በመስኮት እያየች።

ነርሷ ከትናንት ጀምሮ እነሱ ቤት ያረፈች እንግዳ ናት። አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻት፤ ድቡልቡል ስለሆነች ሁሉም «ድቡሽ» ይላታል። ጠዋት ወደ ፏፏቴው ሊሄዱ ሲነሡ ድቡሽ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አድርጋ፣ «አይወልቅም! እንደዚህ ነው የምሄደው!» ብላ ሁሉንም አስቃ ነበር።

ንቢት ያዞረችው ቀስት ትዝ አላት፤ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች።

አባቷ ገመድና ፋኖስ አወጣ። ጎረቤታቸው አናጢውም መጣ።

«አሮጌው መንገድስ?» አለ አናጢው።

«እሾሁ እንዳለ ነው፤ አሁን አይቼው መጣሁ። በዚያ ሰው አልገባም። ወደ ፏፏቴው እንሂድ!»

ንቢት የአባቷን ኮት ያዘች። «አባዬ...» አለች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

አባቷ ዓይን ዓይኗን አያት። ኮቱን ለቀቀችው።

«ምንም።»

ሰዎቹ ሄዱ። ልጆች፣ እውነቱን ከምድር ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ዝም አለች። ፈርታ ነው። እናንተስ እንዲህ ፈርታችሁ አታውቁም?

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። «ራሴ አገኛቸዋለሁ። ራሴ አመጣቸዋለሁ። ማንም ሳያውቅ።» እናቷ ጓዳ ስትገባ በጓሮ ወጥታ ቁልቁል ሮጠች።

በእሾሁ ሥር ሾልካ አሮጌው መንገድ ውስጥ ገባች። መንገዱ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል ገደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በሌላው በኩል ውኃው ያጓራል። ዝናቡ ፊቷን ይገርፋታል። ከላይ ጠጠር እየተንከባለለ ይወርድባታል። የገደሉን ግድግዳ በሁለት እጇ እየዳበሰች ሄደች። አለት እንደ ጣሪያ ባጠላበት ቦታ ስትደርስ ጭቃው ላይ የእግር ዱካ አየች። ትንሽ ዱካ ነው። የግራው ጫማ በቀኝ በኩል፣ የቀኙ በግራ በኩል።

ንቢት ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባ ግን እምቢ አላት።

ጥቂት እንደሄደች መንገዱ አለቀ። ተገምሶ ወርዷል። ከታች የልጅ ለቅሶ ተሰማ። በሆዷ ተኝታ ቁልቁል አየች። ነርሷ ጠባብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ እግሯ ተጣሟል። ድቡሽን ደረቷ ላይ ለጥፋታለች። ውኃው የድንጋዩን ጫፍ ይልሳል።

ነርሷ ቀና ስትል አየቻት። «ልጄ፣ አትጠጊ! ይናዳል! ሰው ጥሪልን፣ ቶሎ!»

ወዲያው ከንቢት ክንድ ሥር አፈሩ ሸሸ። ድንጋይ ወርዶ ውኃው ውስጥ ጠፋ። በደረቷ እየተሳበች ወደ ኋላ አፈገፈገች። 

«ጌታ ሆይ» አለች፣ «ማንም እኔ መሆኔን ሳያውቅ አውጣቸው።»

ጸሎቷ ራሷን አሳፈራት። ሁለት ሰው ውኃ ሊወስድ ነው፤ እሷ አሁንም የምታስበው ለራሷ ነው! ተንበረከከች።

«ጌታ ሆይ፣ ሁሉንም እናገራለሁ። ብቻ እግሬን አበርታልኝ።»

ሮጠች። እሾሁ ቀሚሷን ቀደደው፤ አላቆመችም። በቀኙ መንገድ ሽቅብ ወጣች። ወደቀች፤ ተነሣች። የፋኖሱን ብርሃን ከዛፎቹ መሃል ስታይ ጮኸች።

«አባዬ! አሮጌው መንገድ! እዚያ ናቸው! ቀስቱን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ እሾሁንም ያነሣሁት እኔ ነኝ!»

አባቷ ፊቱ አመድ መሰለ።   ገመዱን ትከሻው ላይ ወርውሮ ቁልቁል በረረ፤ አናጢውና ንቢትም ተከተሉት።

ገመዱን ከወፍራም ዛፍ ጋር አሰሩ። አናጢው ወረደ። አባቷ ተረከዙን መሬት ውስጥ ቀብሮ ገመዱን ያዘ። ንቢት ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ቆመች፤ እጇ ሲዝል በሌላው ደገፈችው። ውኃው የነርሷ ወገብ ድረስ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ ድቡሽ ወጣች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ቀጥላ ነርሷ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ንቢት ወደ ታች ስታይ ድንጋዩ አልነበረም። ውኃ ብቻ ነበር።

ቤት ገብተው፣ የተጠራው ሐኪም የነርሷን እግር ሲያስር ንቢት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማንም አልጠራትም። ራሷ ገባች።

«እኔ ነኝ ያሳሳትኳችሁ» አለች። «እንጆሪውን ለብቻዬ ልበላ ብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ነርሷ ድቡሽን ወደ ራሷ አስጠጋች። 

«ልጄ እዚያ ሆና፣ ‹እማዬ፣ ውኃው ሊበላን ነው?› አለችኝ። አጥብቄ አቀፍኳት» አለች። «ተቆጥቻለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ደብቀሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔም ልጄም አንኖርም ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ።»

አባቷ ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ውጪ ይዟት ወጣ።

«ቀስቱን ማዞርሽ ክፉ ነው» አላት። «እኔን ያቆሰለኝ ግን ‹ምንም› ያልሽኝ ነው። ያኔ ብትነግሪኝ ውኃው ገና ሩቅ ነበር።»

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። አባቷም እርጥብ ኮቱን ገልጦ ውስጡ አስገባት።

የነርሷ እግር ቶሎ አልዳነም። ንቢት ምግብ ታቀርብላት ነበር፤ አልጋዋን ታነጥፍላት ነበር። ድቡሽ ግን አትጠጋትም። ንቢት ስትገባ ከእናቷ ብርድ ልብስ ሥር ትደበቃለች። ንቢትን ይህ ሁሉ ያሳምማት ነበር፤ ቢሆንም አላኮረፈችም። በአንድ ዝናባማ ጠዋት ንቢት ወለል ላይ ተቀምጣ ካልሲ ስታጥፍ፣ ድቡሽ ቀስ ብላ መጣች። ትንሽ ቆመች። ከዚያ የንቢት ጭን ላይ ተቀመጠች።

ልጆቼ፣ የተደበቀ ጥፋት በየሰዓቱ ያድጋል፤ ስለዚህ ስናጠፋ ብንፈራም እንኳ ለእግዚአብሔርም ለሰውም ሳንዘገይ እውነቱን እንናገር።