ጥርስሽ ሲበቅል

«በቀለልኝ! ገላኔ፣ እዪ፣ በቀለልኝ!»

ቢፍቱ የቤታቸው በር ላይ ቆማ ከንፈሯን በሁለት ጣቶቿ ወደ ላይ ገልብጣ አሳየቻት። ሁለት የፊት ጥርሶች ድዷን ጥሰው ብቅ ብለዋል፤ ጫፋቸው ገና እንደ መጋዝ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ዜና የለም። ገላኔ ግን ልቧ ስንጥቅ አለ።

«አሁን ኢሉ ይመጣል» አለች ቢፍቱ። «ጥርስሽ ሲበቅል ብሎኛላ!»

ኢሉ የቢፍቱ ታላቅ ወንድም፣ የገላኔ ደግሞ የክፍል ጓደኛ ነበር። ክረምት ላይ ከሰፈራቸው ከፉሪ በታች ያለውን ወንዝ ሊሻገር ሲል ጎርፍ ወሰደው። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቀብሮታል፤ ቢፍቱ ግን አታውቅም። ለቅሶው እስኪያልፍ ሰበታ አክስቷ ቤት አቆዩዋትና ስትመለስ «ኢሉ አዳማ አጎቱ ጋ ሊማር ሄዷል» አሏት። ትንሽ ቆይተን እንነግራታለን ተባለ። ያ ትንሽ እየተጎተተ ክረምቱ አለቀ፣ መስቀልም አለፈ፣ ይኸው አሁን ጥርሷ በቀለ።

ውሸቱን ማኖር ደግሞ ብዙ ሥራ አለው። የኢሉ ጃኬት በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ማንሳት መናገር ነዋ። አልጋው በየጠዋቱ ይነጠፋል። እናቱ እትዬ ገዲሴ ልጃቸውን ቀብረው ቤታቸው ውስጥ ጥቁር እንኳ አልለበሱም። ጥቁር ቀሚሳቸውን ያስቀመጡት ጎረቤት፣ የገላኔ እናት ጓዳ ነው። ቢፍቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ እዚያ ገብተው ይቀይራሉ፣ አልቅሰው ይወጣላቸዋል፤ ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት አበባ ያለበትን ቀሚስ ለብሰው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ገላኔ ያን ጥቁር ቀሚስ ጓዳ ተሰቅሎ ባየች ቁጥር ሰው የቆመ እየመሰላት ትደነግጣለች።

ኢሉ የጀመረላትን የእንግሊዝኛ ንባብ ገላኔ እንድትቀጥልላት የለመኗትም እሳቸው ናቸው። ክፍሉ የኢሉ ክፍል፣ አግዳሚው የኢሉ አግዳሚ፣ ካርዶቹም እሱ ከብስኩት ካርቶን የቆረጣቸው ናቸው።

«እሺ፣ ቁጭ በይ» ብላ ገላኔ ካርዶቹን ዘረጋች።

ቢፍቱ የአማርኛ ፊደል አጥርታ የቆጠረች ልጅ ናት፤ መከራዋም ከዚያው መጣ። በአማርኛ አንድ ፊደል ከጎኑ ማንም ቢቀመጥ ድምፁን አይለቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ኤስና ኤችን አንድ ላይ ስታይ እየነጣጠለች «ስ-ሂፕ» ትል ነበር። መላውን ያገኘላት ኢሉ ነው። ሁለቱን ፊደላት ጎን ለጎን ጽፎ ከላያቸው አንድ ጣሪያ ሳለና «እነዚህ አንድ ቤት ገብተዋል፤ ከእንግዲህ የየራሳቸውን ድምፅ ትተው አብረው አንድ ድምፅ ነው የሚያወጡት» አላት። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን ታያለች፣ ቃሉ በምን ድምፅ እንደሚጀምር ታዳምጣለች፣ ካርዱንም ከጣሪያው ሥር ታስገባለች።

«ሺፕ» አለች አሁን፣ መርከቡን ከኤስና ከኤች ሥር እያስገባች። «ቼር።» ወንበሩ ከሲና ከኤች ሥር ገባ። «ሹ። ቺክን።» አንድም አልሳተችም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ካርዱን በጣቷ ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች፣ ቁርጥ ኢሉን። ገላኔ ዓይኗን ከልጅቷ ጣት ላይ አነሳች። ከጀርባዋ ያለው ጃኬት የሚያዳምጣት መሰላት፤ ዞር ብላ ማየትም አልደፈረችም።

ሦስተኛው ጣሪያ ሥር ቲና ኤች ብቻቸውን ቀርተዋል። የእነሱ ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም፤ ምላስ በፊት ጥርሶች መሃል ብቅ ማለት አለበት። ያኔ ደግሞ የቢፍቱ የፊት ጥርሶች ወልቀው ነበር። ኢሉ ስቆባት፣ «ምላስሽ ምን ላይ ይረፍ? ጥርስሽ ሲበቅል እኔው ራሴ አስተምርሻለሁ» ብሏት ነበር።

«በይ ዛሬ ይህቺን እንያት» አለች ገላኔ። «ምላስሽን እንዲህ...»

«እንቢ!» ቢፍቱ ካርዱን በመዳፏ ሸፈነችው። «የኢሉ ናት።»

«አቦ ቢፍቱ፣ አታካብጂ። የክፍልሽ ልጆች በሙሉ እኮ አልፈውሻል።»

«ይለፉኛ። ኢሉ ይደውላል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ቀን ቀን አልተኛም። ባለፈው ተኝቼ አመለጠኝ አይደል?»

ገላኔ አንገቷን ደፋች። ባለፈው «ኢሉ ደውሎ ነበር፣ ተኝተሽ ነው እንጂ» ያለቻት እሷ ናት። ልጅቷ ናፈቀኝ ብላ አልቅሳ አልቅሳ አልቆም ስትል እትዬ ገዲሴ ለምነዋት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢፍቱ ከትምህርት ቤት መጥታ ጋደም አትልም፤ የእናቷን ስልክ ታቅፋ ትቀመጣለች። አሁንም ጭኗ ላይ ነው። ገላኔ ራሷን ጠላችው።

«ውሃ ጠጥቼ መጣሁ» ብላ ወጣች።

እትዬ ገዲሴ ጓሮ ልብስ እያሰጡ ነበር።

«ጥርሷን አየሽው?» አሏት።

«አየሁት።»

«ጨንቆኛል ልጄ። እስቲ ደውሎ ነበር በያት። ‹እኔ ፈተና ላይ ነኝ፣ ከገላኔ ጋር ተማሪ› ብሏል በያት። አንቺን ታምናለች።»

«እስከ መቼ ነው ግን፣ እትዬ?»

እትዬ ገዲሴ በእጃቸው የያዙትን ሸሚዝ ደጋግመው ጨመቁት፤ ውሃው ካለቀ ቆይቷል።

«እሷ ‹ኢሉ እንዲህ አለኝ፣ ኢሉ ይመጣል› ስትል እኔ እየሰማሁ እውላለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህ ቤት ልጄ ያልሞተው እሷ ዘንድ ብቻ ነው። እሷም ከሰማች በቃ፣ አለቀ።»

ገላኔ እንባዋ መጣ። እሷስ ያን ክፍል እየፈራች በየቀኑ የምትመጣው ለምን ኖሯል? ቢፍቱ ካርዱን መታ መታ ስታደርግ ኢሉ ለአፍታ ይመጣል። ትፈራዋለች፣ ደግሞም ትጠብቀዋለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

መርዶም ወግ አለው። ጠዋት በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አንደበቱ የተገራ ትልቅ ሰው ነው የሚያረዳው። በአሥራ አምስት ዓመቷ እሷ ማን ሆና ነው? ሰፈሩ ቢሰማ ይህቺ ዓይን አውጣ ነው የሚላት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ዋሽቶ መገላገል ይሻል ነበር፤ ልትዋሽም ቆርጣ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

ቢፍቱ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተጠግታ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቃ ጠበቀቻት።

«ከእማዬ ጋር ስታወሪ ድምፅሽን ሰማሁ» አለች። «ደወለ እንዴ?»

ዓይኖቿ ቀልተዋል። እንቅልፍ አለባቸው፤ እሷ ግን ታግላ ከፍታቸዋለች። ገላኔ ያዘጋጀችው ውሸት ከአፏ አልወጣ አለ።

«አልደወለም።»

«ባለፈውስ?»

«ባለፈውም አልደወለም። ዋሽቼሽ ነው ቢፍቱዬ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ቢፍቱ አላለቀሰችም። አየቻት፣ አየቻትና ስልኩን ከጭኗ አንስታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«ለምንድነው የማይደውለው?»

«እሱን እናትሽ ናቸው የሚነግሩሽ። ነይ፣ አብረን እንሂድ።»

«ከዚያ ቤትሽ ትሄጃለሽ?»

«አልሄድም።»

እጇን ይዛ ወጣች። እትዬ ገዲሴ ሁለቱን ተያይዘው ሲመጡ ሲያዩ ገባቸው። ገላኔን ያዩበት ዓይን ቁጣ ነበረው፤ በሕይወቷ ማንም እንደዚያ አይቷት አያውቅም። ገላኔ ግን የልጅቷን እጅ አልለቀቀችም።

እትዬ ገዲሴ ሸሚዙን ባልዲው ውስጥ ጣሉት፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ነይ የኔ እናት» አሉ፣ ቢፍቱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

የገላኔ ቤት በር ከአጥሩ ማዶ ይታያል። ክፍት ነው፤ ሮጣ ብትገባ ማንም አይከለክላትም ነበር። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከቢፍቱ ጎን ተቀመጠች።